በፓጋን ነገሥታት ዘንድ አልጋ ወራሽ ማን ነበር?

በበርማ፥ ማለት ዛሬ ምያንማር በምትባለው አገር፥ በፓጋን ከተማ አጠገብ ምያዜዲ ከሚባል የቡድሃ መቅደስ ዘንድ የተገኘ አራት ገጽ ያለው የድንጋይ ዓምድ አለ። በአራቱ ገጽ ላይ አንድ ነገር በአራት ቋንቋ ተጽፎበታል፤ ቋንቋዎቹም ፓሊ፥ ፕዩ፥ ሞንና በርማ ናቸው። ያስጻፈው ሰው ራጃኩማር ይባላል። ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1112 ወይም 1113 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ድንጋይ ይወዱታል፤ ምክንያቱም ተናጋሪ ያጣው የፕዩ ቋንቋ መነበብ የጀመረው ብላግደን የተባለው ሊቅ በ1911 ገጾቹን እያስተያየ ከመረመራቸው ወዲህ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ድንጋዩን ሲያይ ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል። ራጃኩማር የንጉሥ ልጅ ነው፤ ታሪክም ለአባቱ ከእርሱ በቀር ሌላ ወንድ ልጅ አያውቅለትም። ሆኖም አባቱ ሲሞት የነገሠው እርሱ ሳይሆን የእኅቱ ልጅ ነው።

ይህ ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ስፈልግ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው። በፓጋን መንግሥት፥ ማለት ከ1044 እስከ 1297 ድረስ፥ ዙፋኑ ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስን የጸና ሕግ አልነበረም። አንድ ጊዜ የአባት ቃል፥ አንድ ጊዜ የእናት ማዕርግ፥ አንድ ጊዜ የመኳንንት ምክር፥ ብዙ ጊዜም ሰይፍ ይወስነው ነበር። ይህን የተቈራረጠ ነገር በአንድ የደም ክር የሰፉት በኋላ ዘመን የተነሡ ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ የበርማን ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ከመጻሕፍት ገልብጠን እንደ ተረጋገጠ ነገር የምንጽፍ ተማሪዎች ጥቂት ቆም ማለት የሚገባን ይመስለኛል።

ምንጮቻችን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በዘመኑ የተቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ዜና መዋዕል ሲሆን ከሁሉ የታወቀው «የመስተዋት ቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል» የሚባለው ነው። ይህንንም መጽሐፍ ያዘዘው ንጉሥ ባጂዶ ነው፤ በ1829 የተማሩ መነኮሳትን፥ ብራህማኖችንና ሹማምንትን ሰብስቦ የቀደሙትን መጻሕፍት እያመሳከሩ እንዲጽፉ አደረገ። ፔ ማውንግ ቲንና ሉስ የፓጋንን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1923 ታትሟል። አንባቢው እንዲያስታውስልኝ የምፈልገው ራጃኩማር ድንጋዩን ካስጻፈበት ቀን አንሥቶ ይህ ጉባኤ እስከ ተሰበሰበበት ቀን ድረስ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ማለፉን ነው። ጸሐፊዎቹ ሊቃውንት ነበሩ፤ ነገር ግን የሚጽፉት ለንጉሥ ነበር፤ ንጉሥም ከጥንት ጀምሮ ያልተቋረጠ የነገሥታት ዘር እንዳለ መስማት ይወዳል።

የፓጋን መንግሥት አጀማመር ራሱ በዙፋን ጠብ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው የአናውራታ አባት በእንጀራ ልጆቹ ተንኰል ከዙፋኑ ወርዶ በገዳም እንዲመነኵስ ተገደደ። ከእንጀራ ልጆቹም አንዱ ሶካቴ ነገሠ። አናውራታ ባደገ ጊዜ ሶካቴን ለብቻ ለብቻ ውጊያ ጠርቶ በፈረስ ላይ ሳለ በጦር ገደለው። ዙፋኑን ለሽማግሌው አባቱ ቢያቀርብለትም አባቱ አልቀበልም ስላለ በ1044 ራሱ ነገሠ። ይህ ሰው በኋላ ታቶን የተባለችውን የሞን ከተማ ድል አድርጎ የቡድሃን መጻሕፍትና መነኮሳት ወደ ፓጋን እንዳመጣ ይነገርለታል፤ የዘመቻውም ዓመት 1057 ነው ይባላል። በ1077 ጎሽ ወግቶ ገደለው። ልጁ ሳውሉም ተተካ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አባት ሞተ፥ ልጅ ነገሠ። ዳሩ ግን ሳውሉ ሰባት ዓመት ብቻ ከነገሠ በኋላ የሞተበት አኳኋን የፓጋን ሰዎች ስለ ዘመድና ስለ ባለጋራ ያላቸውን አሳብ ስለሚያሳይ ሰፋ አድርጌ እነግረዋለሁ። ሳውሉ ያማንካን የሚባል የጡት ወንድም ነበረው፤ ማለት ያማንካን የአጥቢው ልጅ ነው። የፔጉንም አገር ሾመው። አንድ ቀን ሁለቱ ዳዳ (በዛር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው) ሲጫወቱ ያማንካን አሸንፎ ደስ ቢለው፥ ንጉሡ በቍጣ ወንድ ከሆንህ ሸፍት ብሎ ዘበተበት። ያማንካንም አገሩ ገብቶ በእውነት ሸፈተ፤ የንጉሡንም ጦር አሸንፎ ሳውሉን ማረከ። በዚያን ጊዜ ቻንዚታ የተባለው ዝነኛ የጦር ሰው በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ገብቶ ንጉሡን በጫንቃው ተሸክሞ ሊያወጣው ሞከረ። ሳውሉ ግን በመንገድ ላይ በልቡ አሰበ፤ ያማንካን ከእኔ ጋራ አንድ ጡት የጠባ ነው አይገድለኝም፥ ቻንዚታ ግን ስላሳደድሁት ቂም ይዞብኛል፥ ዙፋኔንም ይፈልጋል አለ። ስለዚህ ቻንዚታ ሰረቀኝ ብሎ ጮኸ። ቻንዚታም ንጉሡን ከጫንቃው ጥሎ ወንዙን በዋና ተሻግሮ አመለጠ። ያማንካን ሳውሉን ገደለው።

ታሪኩ እንዲህ እንደ ተነገረው ሆነ ብዬ አልምልም። ነገር ግን ታሪኩን የተናገሩት ሰዎች፥ ንጉሥ ከወንድሙ ይልቅ የሞግዚቱን ልጅ ቢያምን የማያስገርም ሆኖ ታይቶአቸዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሞግዚት ልጅ ዙፋን አይጠይቅም ተብሎ ይታሰባል፥ ወንድም ግን ይጠይቃል። በዚህ ላይ ዜና መዋዕሉ ቻንዚታን የአናውራታ ልጅ፥ ስለዚህም የሳውሉ ወንድም ያደርገዋል። አሁን ወደ ዋናው ክርክር መድረሴ ነው።

ቻንዚታ በእውነት የአናውራታ ልጅ ነበረን? ዜና መዋዕሉ የሚተርከው እንዲህ ነው። አናውራታ ከዌታሊ አገር አንዲት ልዕልት አስመጣ። ያመጣት መልእክተኛ ግን አጃቢዎቿን አሰናብቶ ለንጉሡ እውነተኛ ልዕልት አይደለችም ብሎ ስለ ነገረው ንጉሡ ከቤተ መንግሥት ወደ ሩቅ አገር ሰደዳት። እርስዋም ፀንሳ ነበርና ቻንዚታን ወለደች። ከዋክብት ቈጣሪዎች የሚነግሥ ሕፃን ተፀንሷል ብለው በነገሩት ጊዜም አናውራታ በየጊዜው እናቶችንና ሕፃናትን አስፈጀ፤ ቻንዚታ ግን በተአምር ተረፈ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ይህን ስናነብ ወዲያው ሄሮድስ ትዝ ይለናል፤ ለበርማ ጸሐፊዎች ግን ቅርባቸው የነበረው በህንድ የሚነገረው የካምሳና የክሪሽና ታሪክ ነው። የሆነ ሆኖ ታሪኩ የተሠራበት ዓላማ አይሰወርም። እንግዳውን ሰው የንጉሥ ልጅ ያደርገዋል፤ ደግሞም አባቱ ሳያውቀው፥ ቤተ መንግሥትም ሳያሳድገው የቀረበትን ምክንያት ይሰጠናል።

የቻንዚታ የራሱ ድንጋዮች የሚሉት ሌላ ነው። አብዛኛውን ያስጻፈው በሞን ቋንቋ ነው። በእነርሱም ላይ በቀድሞ ሕይወቱ ቪሽኑ እንደ ነበረ፥ ቡድሃም ስለ እርሱ በፓጋን እንደሚነግሥ ትንቢት እንደ ተናገረለት፥ አባቱ ከፀሐይ ዘር፥ እናቱም ቢልቫ ከሚባለው ዛፍ ስም ከተጠራው ዘር እንደ ሆኑ ይናገራል። አናውራታ አባቴ ነው የሚል ቃል ግን የለበትም። ትልቁን ድል አድራጊና የመንግሥቱን መሥራች አባት ያደረገ ሰው ስሙን የሚሸሽግበት ምን ምክንያት አለ? በዚያ ዘመን የአባትን ስም በድንጋይ መጻፍ ልማድ አልነበረም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የገዛ ልጁ ራጃኩማር በምያዜዲ ድንጋይ ላይ የአባቱንም የእናቱንም የክብር ስም አስቀርጾአል።

ከዚህ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ግን የጋብቻው ነገር ነው። ቻንዚታ በ1084 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሽዌ አይንቲ የተባለችውን ሴት ልጁን የፓቴይካራ ልዑል ሊያገባት ፈልጎ ነበር፤ አገሩ በባዕድ እጅ ይገባል በሚል ምክንያት ልዑሉ ተከለከለ። ልጅቱ የተዳረችው ሳውዩን ለሚባለው ሰው ነው። ሳውዩን ሽባ ነበረ ይባላል፤ የሟቹ የሳውሉ ልጅ፥ የአናውራታ የልጅ ልጅ ግን ነው። ከዚህ ጋብቻ ሲቱ፥ በኋላ አላውንግሲቱ የተባለው፥ በተወለደ ጊዜ ቻንዚታ ሕፃኑን አቅፎ ነገሥታቱ ከሚቀመጡበት ዙፋን ላይ አውጥቶ አልጋ ወራሽ መሆኑን አወጀ፤ ራሱንም የሕፃኑ ሞግዚት አደረገ። ቻንዚታ ራሱ የአናውራታ ደም ቢኖረው ኖሮ ይህን ሁሉ የሚያደርግበት ምክንያት አይታየኝም። የገዛ ደሙ ይበቃው ነበር። ሰውዬው የፈለገው በሰይፉ ያገኘውን ዙፋን ከቀድሞው የንጉሥ ዘር ጋራ በልጁ በኩል ማስታረቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ማኒሳንዳ የተባለችው ንግሥት ለአናውራታ፥ ለሳውሉና ለቻንዚታ በየተራ ሚስት መሆንዋም የዚሁ አሳብ ክፍል ነው፤ የሟቹን ንጉሥ ንግሥት ያገባ ሰው ከዙፋኑ ዕድል ፈንታ እንዳለው ይቈጠር ነበር።

ራጃኩማር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቻንዚታ በአናውራታ ዘመን በስደት ሳለ ታምቡላ የምትባል ሴት በገጠር አግብቶ ነበር። ሲለያትም ቀለበት ሰጥቶ፥ ወንድ ልጅ ብትወልድ ይዛው እንድትመጣ ነገራት። እርስዋም ንጉሥ መሆኑን ሰምታ ልጁን በእጅዋ ይዛ፥ ቀለበቱን በጣትዋ አድርጋ ከቤተ መንግሥት ደረሰች። ንጉሡ አወቃት፥ ንግሥትም አደረጋት፤ ልጁን ግን ወራሽ ለማድረግ አልቻለም፤ የልጅ ልጁ ቀድሞ ተሰይሞአል። ሊያደርገው የሚችለውን አደረገለት፤ ግዛት ሰጠው። ይህ ቀልድ የሌለበት ነገር ነው። አንድ ሰው ለብዙ ዓመት ወንድ ልጅ የለኝም ብሎ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ወንድ ልጁ በደጅ ሲቆም፥ ቃሉን ያጥፍ ወይስ ልጁን ይካድ?

ልጁ የሰጠው መልስ በምያዜዲ ድንጋይ ላይ አለ። ፍሬ ነገሩን ልናገር። የቡድሃ ሃይማኖት 1628 ዓመት ከሆነው በኋላ ይህ ንጉሥ በፓጋን ነገሠ፤ የተወደደች ሚስቱ በሞተች ጊዜ ጌጧንና ባሮቿ ያሉባቸውን ሦስት መንደሮች ለልጅዋ ለራጃኩማር ሰጠው፤ ንጉሡ 28 ዓመት ገዝቶ በጽኑ ሲታመም ልጁ ያደረገለትን በጎ ነገር አስታውሶ የወርቅ የቡድሃ ምስል አሠርቶ አቀረበለት፤ ሦስቱንም መንደሮች ለምስሉ ጉልት አድርጎ ሰጠ። በሽተኛውም አባት ደስ ብሎት፥ መነኮሳት እያዩ ለስጦታው ማጽኛ ውሃ አፈሰሰ። ድንጋዩ በመጨረሻ ይህን ጉልት በሚደፍር ሰው ላይ እርግማን ያወርዳል። ስለ ዙፋን አንድ ቃል እንኳ የለበትም። የቻንዚታ የንግሥ ዓመት 1084 መሆኑን በእርግጥ ያወቅነውም ዙፋን ያልደረሰው ይህ ልጅ ዓመቱን ቈጥሮ ስላስጻፈው ነው።

አላውንግሲቱ ከ50 ዓመት በላይ ገዛ። እርሱ ግን የአያቱን ጥንቃቄ አልወረሰም። ሚንሺንሳው የተባለውን ታላቅ ልጁን ከከተማ አስወጥቶ ስለ ነበር በእርጅናው ጊዜ በአጠገቡ የቀረው ናራቱ ነው። በ1167 ንጉሡ ሲታመም ናራቱ አባቱን ሽዌጉጂ ወደሚባለው መቅደስ አሸክሞ ወሰደው፤ ሽማግሌው ነቅቶ በተቈጣ ጊዜ በአልጋ ልብስ አፍኖ ገደለው። መቅደሱን ያሠራው አላውንግሲቱ ራሱ ነበር። ሚንሺንሳው ጦር ይዞ ሲመጣ ናራቱ የመነኮሳቱን አለቃ ፓንታጉን አማላጅ አድርጎ፥ ወንድሙን ሰይፉን በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ዙፋኑ እንደሚያደርሰው ማለ። ሚንሺንሳው አለቃውን አምኖ በአንዲት ጀልባ ብቻ መጣ። ናራቱም ከወደቡ ተቀብሎት ሰይፉን ተሸከመ፥ ዘውዱንም አስጫነው፥ በዚያችም ሌሊት በመርዝ ገደለው። መሐላውን ፊደል በፊደል ፈጽሞታል። ፓንታጉ ንጉሡን ገሥጾ አገሩን ትቶ ወደ ሴይሎን ሄደ። ናራቱም ብዙ ሳይቆይ ተገደለ፤ ዜና መዋዕሉ የፓቴይካራ ንጉሥ ስለ ተገደለችበት ልጁ ስምንት ሰዎችን ብራህማን አስመስሎ ልኮ አስገደለው ይላል፤ ሉስ ግን በዚያ ዘመን ከሴይሎን በመጣው የባሕር ዘመቻ ሳይሞት አልቀረም ብሎ ያስባል። ከእርሱ በኋላ የመጣውም ናራቴይንካ በ1174 በወንድሙ በናራፓቲሲቱ እጅ ጠፋ፤ የወንድሙን ሚስት ስለ ወሰደ ነው ይባላል።

እንግዲህ በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ተገደሉ፤ ሚንሺንሳውን ለአንዲት ሌሊትም ቢሆን ከነገሥታት ከቈጠርነው ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን ሁሉ እንዴት ታገሠው የሚል ጥያቄ ይነሣል። በቡድሃ ትምህርት ሰው የሚያጭደው በቀድሞ ሕይወቱ የዘራውን ነው። ስለዚህ ከዙፋን የደረሰ ሰው፥ በምንም መንገድ ይድረስ፥ በቀድሞ ሕይወቱ ብዙ በጎ ሥራ እንዳለው መድረሱ ራሱ ያስረዳለታል። በርማውያን ገና ያልነገሠውን እንዲህ ያለ ሰው «ሚንላውንግ» ይሉታል፤ ሊነግሥ የተፀነሰ እንደ ማለት ነው። ይህ አሳብ አሸናፊውን ይቀድሰዋል፤ አሸናፊ ከመሆኑ በፊት ግን ማን እንደ ሆነ አይነግረንም። ለዚህ ነው በየንግሡ መጀመሪያ አዲሱ ንጉሥ በጎ ሥራውን በጡብና በወርቅ ለማሳየት የሚጣደፈው። ዛሬ በፓጋን ሜዳ ላይ ከሚታዩት ከ2000 የሚበልጡ መቅደሶች ስንቱ ከዚህ ፍርሃት እንደ ተሠራ እግዜር ይወቀው።

ናራፓቲሲቱ ይህን ችግር ሳያስተውል አልቀረም፤ እስከ 1211 በሰላም ገዛ፥ የቤተ መንግሥት ዘበኛም እንዳቋቋመ ይነገራል። ሲሞትም ወራሹ ታናሹ ልጅ፥ ያውም ከትንሽ ንግሥት የተወለደው ናዳውንግምያ ሆነ። ለዚህም ምክንያት የሚነገረው፥ አምስቱ ወንድማማች ዙሪያውን ተቀምጠው የንግሥና ምልክት የሆነው ነጭ ድባብ በመካከላቸው ሲቆም ወደ እርሱ አዘነበለ የሚል ነው። ስለዚህም ቲሎሚንሎ፥ ማለት ድባቡም ንጉሡም የፈቀዱት፥ ተባለ። ድባብ በራሱ አያዘነብልም። አባቱ ለተወደደችው ሚስቱ ልጅ ዙፋኑን እንደ ሰጠ፥ ታላላቆቹም ቅር እንዳይላቸው ነገሩ በዕጣ እንደ ተሸፈነ መገመት አያስቸግርም። ዘዴው ግን ሠርቶአል፤ ወንድማማቹ አልተፋጁም።

በ1256 ዑዛና በዝሆን አደን ሲሞት የወሰኑት ደግሞ መኳንንት ናቸው። የትልቋ ንግሥት ልጅ ቲሃቱ ነበር። ይህ ልዑል አንድ ቀን እንደ ጫት የሚታኘከውን የቤተል ቅጠል በሚኒስትሩ በያዛቲንጃን ልብስ ላይ ተፍቶበት ነበርና ሚኒስትሩ አልረሳውም። ቲሃቱ ተትቶ ከዕቁባት የተወለደው ወጣቱ ናራቲሃፓቴ ነገሠ። አንጋሹን ሚኒስትር ቶሎ አጋዘው፤ ሽፍታ በተነሣ ጊዜ ግን መልሶ ጠራው። ይህ ንጉሥ ሚንጋላዜዲ በተባለው መቅደሱ ባስቀረጸው ጽሑፍ የ36 ሚሊዮን ወታደር አዛዥ፥ በቀን 300 ሳህን ወጥ የሚበላ መሆኑን ይናገራል። ከሞንጎሎች ጋራ በ1277 በኛሳውንግጃን በተደረገው ጦርነት ግን ሠላሳ ስድስቱ ሚሊዮን አልተገኙም። በኋላ ወደ ደቡብ ሸሸ፤ ሕዝቡም ከቻይና የሸሸ ንጉሥ ብሎ ጠራው። በ1287 በፕሮም ከተማ የገዛ ልጁ፥ ስሙም ቲሃቱ የሆነው፥ መርዝ በግድ አጠጣው። ሲሞትም ወደ ፊት በሚወለድበት ሕይወት ሁሉ ወንድ ልጅ እንዳይሰጠው ተመኘ ይባላል።

የመጨረሻው ክያውስዋ በ1297 በሦስት ወንድማማች መኳንንት ከዙፋኑ ወርዶ መነኵሴ ተደረገ፤ በ1299 ገደሉት። ከሦስቱ ታናሹ በ1313 በፒንያ ነገሠ። የሚገርመው የእርሱ ሥራ ነው። የክያውስዋን ሚስት፥ የናራቲሃፓቴን ልጅ ሚ ሳው ዑን አገባ፤ ከክያውስዋ የወለደችውንም ልጅ አልጋ ወራሽ አደረገው። ቻንዚታ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ያደረገው ይኸው ነው፤ ጉልበተኛው ዙፋኑን ለቀድሞው ዘር መልሶ ራሱን ያጸድቃል፥ የራሱን የመጀመሪያ ልጅ ግን ያልፈዋል። ይህኛው የታለፈ ልጅም ሳውዩን ይባላል፤ እናቱ የገጠር ሴት ነበረች። እርሱ ድንጋይ አላስቀረጸም። በ1315 ከወንዙ ማዶ በሳጋይንግ የራሱን መንግሥት አቆመ፤ አገሩም ለሃምሳ ዓመት ያህል ለሁለት ተከፍሎ ኖረ። ሁለቱን ጠቅልሎ በ1365 የአቫን ከተማ የቈረቈረው ታዶሚንብያ የዚሁ የታለፈው ልጅ የሳውዩን የልጅ ልጅ ነው፤ ዘሩም የሚቈጠረው በእናቱ በኩል ነበር።